የሳማው ውሃ

መንዝ፣ የሁዳዴ ጾም አጋማሽ፣ ረፋድ ላይ፤ ደብሪቱ የተጫነች በቅሎ ይዛ ታናሽ እህቷ ትርንጎ ደጃፍ ቆማለች፤ አሮጊቷ እናታቸው ከውስጥ ተኝታለች።

ደብሪቱ፦ ወይ እማዬን ስጪኝ፣ ወይ ሳማውን ከነሥሩ ነቅለሽ ስጪኝ! ከሁለት አንዱን ሳልይዝ ከዚህ ደጅ ንቅንቅ አልልም።

ትርንጎ፦ ኧረ ቀስ በይ እታለም፣ አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ደግሞ መጀመሪያ «እንደምን አደርሽ» ይባላል።

ደብሪቱ፦ እንደምን አደርሽ። ስጪኝ።

ትርንጎ፦ እግዜር ይመስገን፣ አንቺስ እንደምን አደርሽ? በቅሎዋ የማን ናት?

ደብሪቱ፦ የአበልጄ ናት። ረጋ ያለች ናት፣ ኮርቻውም ላይ ብርድ ልብስ ደርቤበታለሁ፤ እማዬን የሚቆረቁራት ነገር የለም። መቀነቷን አስሪላትና አስነሺልኝ።

ትርንጎ፦ እማዬ ጤፍ ናት እንዴ የምጭንልሽ?

ደብሪቱ፦ ጤፍ ያደረግሻትስ አንቺ! ጎተራሽ ውስጥ ከትተሽ ቆልፈሽባታል። «ጥምቀትን ትርንጎ ጋ ውዬ ልምጣ» ብላ የወጣች ሴትዮ ይኸው ጾሙ ተጋመሰ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ «እናትሽስ?» የማይለኝ ሰው የለም። ምን ብዬ ልመልስ? ሸሸችኝ ልበል?

ትርንጎ፦ የወንዙ አየር ተስማማት በይ።

ደብሪቱ፦ አየር! እኔ ጋ ያለው ምንድን ነው ታዲያ፣ ጭስ ነው? ቤቴ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መብራቱ አናቷ ላይ ቦግ ብሎ። አንቺ ጋ ምን አለ? ቁንጫና እንቁራሪት።

ትርንጎ፦ እንቁራሪቶቹን ትወዳቸዋለች። «እነዚህ ደግሞ ምን አስቸገራቸው» እያለች ስትስቅ ነው የምታመሸው።

ደብሪቱ፦ ትስቃለች?

ትርንጎ፦ በጣም ነው የምትስቀው።

ደብሪቱ፦ እኔ ጋ ስቃ አታውቅም። እኔ ጋ መቁጠሪያዋን ይዛ ግድግዳ ማየት ነው። ጸጉሯንስ ማን ነው የሠራት? ባለፈው እሑድ ለቅዳሴ ስትመጣ ሹሩባ ተሠርታ አየኋት። በዚህ ዕድሜዋ ሹሩባ!

ትርንጎ፦ እኔ ነኝ የሠራኋት። አማረባት አይደል?

ደብሪቱ፦ አማረባት፤ አንጀቴን ነው ያሳረረው። ደግሞ ደጅሽን አታጸጂም እንዴ? ይሄ አረንጓዴ ምንድን ነው? ድንጋዩ ሁሉ ቀለም ጠጥቷል።

ትርንጎ፦ እጣቢ ነው።

ደብሪቱ፦ የምን እጣቢ ነው አረንጓዴ?

ትርንጎ፦ የድስት እጣቢ አልኩሽ እኮ። እጣቢ ልትቆጣጠሪ ነው በበቅሎ የመጣሽው? በይ ያን ድንጋይ ትተሽ እዚህ መደቡ ላይ ተቀመጪ።

ደብሪቱ፦ አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ ታባብዪኛለሽ፣ ከተባበልኩ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። አንቺን አውቅሻለሁ፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ የኔን ዳቦ በልተሽ እኔን አስለቅሰሽ መልሰሽ የምታባብዪ ነሽ።

ትርንጎ፦ እሺ ቁሚ። ሳማውን ግን ምን ልታደርጊው ነው? እስከ ዛሬ ሳማ ንቀሉልኝ የሚል እንጂ ተክዬ ላሳድገው ብሎ የሚለምን ሰው አላየሁም። የት ልትተክዪው ነው፣ ሲሚንቶው ላይ?

ደብሪቱ፦ ጓሮዬ እተክለዋለሁ። አጥር አጥርለታለሁ። ዘበኛም ካስፈለገ እቀጥርለታለሁ! ያንቺን ሳማ በልታ ነው እማዬ የወፈረችው፣ የኔ ሳማ ነው ያከሳት። አገር የሰማውን አሁን ልትክጂኝ ነው?

ትርንጎ፦ ኧረ እሱን ነገር አታንሺብኝ፣ ሳቄ ይመጣል።

ደብሪቱ፦ ሳቂ! የገበሬ ማሠልጠኛው አዳራሽ ሙሉ ሰው የሳቀብኝን አንቺን ምን ያግድሻል።

ትርንጎ፦ እኔ ያን ቀን አልሳቅኩም። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ወትፌ ነው የዋልኩት።

ደብሪቱ፦ ያቺ ህሊና የተባለች ተመራማሪ፣ ስሟ ብቻ ህሊና! ብልቃጦቿን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ውስጣቸው ሐምራዊ ውሃ፣ ለዓይን እንዴት እንደሚያምር። «አሁን በኅዳር የሰጣችሁኝን የሳማ ቅጠል ጭማቂ በየተራ ጠብ አደርግበታለሁ» አለች። ያንቺን ጠብ ስታደርግ ያ ሁሉ ሐምራዊ ድራሹ ጠፋና ቢጫ ሆነ። የሽንት መልክ! የኔን ጠብ ስታደርግ ደግሞ ሐምራዊው እንዳለ፣ እንደ ማኅበር ጥለት አምሮበት ቁጭ። እስቲ ፍረጂ፣ ማንም ጤነኛ ሰው የቱ አሸነፈ ይላል?

ትርንጎ፦ አንቺ «እልል» አልሽ።

ደብሪቱ፦ አልኩ! ተነሥቼ ቆሜ፣ ራሴን ነቅንቄ እልል አልኩ። ሴቱም አብሮኝ አቀለጠው።

ትርንጎ፦ መምሬም አጨበጨቡ እኮ።

ደብሪቱ፦ መምሬማ ምን ያውቃሉ፣ እኔን አምነው ነው ያጨበጨቡት። ከዚያ ያቺ ልጅ በዚያ በለስላሳ አፏ «እናቴ፣ አሸናፊው ሐምራዊውን ያጠፋው ነው፤ የእርስዎ ቅጠል ላይ ጉልበት አላገኘንበትም» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

ትርንጎ፦ እሷ እኮ አስረድታለች። ሰውነታችን ውስጥ እንደ ብረት ዝገት ቀስ እያለ የሚበላን ነገር አለ፤ ቅጠሉ ውስጥ ደግሞ ያንን ዝገት የሚከለክሉ ውህዶች አሉ፤ ፀረ-ኦክሲዳንት ይባላሉ አለች። ሐምራዊው ውሃ በዝገቱ ፋንታ የተቀመጠ ነው። ቅጠሉ ጉልበት ካለው ሐምራዊውን ያከስመዋል።

ደብሪቱ፦ ይሄ ሁሉ ሲነገር የኔ ልብ እዚያ አልነበረም። እኔ የሰማሁት «ትርንጎ አንደኛ» የሚለውን ነው። «ደብሪቱ መጨረሻ» የሚለውን ነው። ደግሞ ለምስጋና ብላ ለአንቺ ጃንጥላ! ለኔ ሳሙና! ለምን ሳሙና? ቆሽሻለሁ ማለቷ ነው?

ትርንጎ፦ ጃንጥላውን ከፈለግሽ ውሰጂው። ይኸው ተሰቅሏል።

ደብሪቱ፦ የአንቺን ጃንጥላ ይዤ መንደር ውስጥ ልሂድ? ሞቼ እገኛለሁ። ዝናቡ ይደብድበኝ።

ትርንጎ፦ እታለም፣ ቀንተሽ ነው አይደል?

ደብሪቱ፦ ቀንቻለሁ! አዎ ቀንቻለሁ፣ ምን ይደረግ? ሰው በባል ይቀናል፣ በመሬት ይቀናል፣ እኔ በሳማ ቀናሁ። ሌሊት ሌሊት ያ ቢጫ ውሃ ዓይኔ ላይ ድቅን ይላል። ግን በቅጠሉ ብቻ እንዳይመስልሽ። እማዬ እኔ ጋ ሳለች ሁለት ጉርሻ ትጎርስና «ተመስገን፣ ጠገብኩ» ብላ እጇን ትሰበስባለች። የሳማውን ወጥ ወፍራም አድርጌ፣ የባቄላ ዱቄት ጨምሬ፣ ዘይት አጠጥቼ ባቀርብላትም ያው ናት። አንቺ ጋ መጣች፣ ጉንጯ ሞላ። ታዲያ የቅጠልሽ ጉልበት ካልሆነ ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ ህሊና «መድኃኒት ነው አላልኩም፣ የጤና ጣቢያ ክኒናችሁን እንዳትተዉ» ብላለች። እማዬም የደም ግፊቷን ክኒን እየዋጠች ነው። ጉንጯ የሞላው ስለምትበላ ነው።

ደብሪቱ፦ ለምንድን ነዋ አንቺ ጋ የምትበላው! እሱን እኮ ነው የምጠይቅሽ። ወይስ ሰው የሚለው እውነት ነው?

ትርንጎ፦ ሰው ምን ይላል?

ደብሪቱ፦ «አረንጓዴ ነገር በጣሳ ታጠጣታለች» ይላል። ያቺ ጎረቤትሽ በዓይኗ አይታለች። ምንድን ነው የምታጠጫት? ከማን ነው ያመጣሽው?

ትርንጎ፦ ምን ልትዪ ነው?

ደብሪቱ፦ መስተፋቅር ነው ልል ነው! ይኸው አልኩት። ለባል ሲደረግ ሰምቻለሁ፣ ለእናት ሲደረግ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

ትርንጎ፦ እግዚኦ! ደብሪቱ፣ በጾም አፍሽን ምን ነካው? መስተፋቅር ባውቅማ ባሌ በየገበያው ሲዞር ይውል ነበር?

ደብሪቱ፦ አታስቂኝ። እንዳልስቅ ምዬ ነው የመጣሁት። ጣሳው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ ሳማ ነው። ሌላ ምን ይሆናል። አሁን አንቺ መልሺልኝ፤ ለህሊና የሰጠሻትን ቅጠል የት ነው የቆረጥሽው?

ደብሪቱ፦ የት ይሆናል፣ የአባባ የድሮ ቤት ፍርስራሽ ላይ ነዋ። በላይ በኩል፣ በረቱ የነበረበት።

ትርንጎ፦ እኔም የቆረጥኩት የአባባ ፍርስራሽ ላይ ነው። በታች በኩል፣ ምድጃው የነበረበት።

ደብሪቱ፦ ውሸት!

ትርንጎ፦ እማዬ ትሙት። አንድ ሳማ ነው፣ ሥሩም አንድ ነው፤ ከድንጋይ ድንጋይ ሥር ለሥር እየተሳበ ነው ሁለታችን ጋ የደረሰው። ልትነቅዪው የመጣሽው አንቺም የምትቆርጪውን ነው።

ደብሪቱ፦ እንዲያውማ የኔ ነው መብለጥ የነበረበት። ስንት ዘመን የከብት ፍግ የጠጣ መሬት! ያቺ ልጅ ስም አቀያይራለች። የኔን ላንቺ፣ ያንቺን ለኔ ጽፋለች። በቃ ይሄ ነው!

ትርንጎ፦ ቆይ፣ ቆይ። እንዴት አድርገሽ ነው የሰጠሻት?

ደብሪቱ፦ እንዴት አድርጌ ማለት? እንደ ወጉ ነዋ።

ትርንጎ፦ ወጉ እንዴት ነው?

ደብሪቱ፦ ለጋ ለጋውን በእንጨት መቆንጠጫ ቆረጥኩ። አጠብኩ። ከዚያ ጥላ ላይ አሰጣሁ። ደረቀ። ነጭ ጨርቅ ውስጥ ቋጥሬ ሰጠኋት። ሌላው ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ሲሰጣት እኔ በነጭ ጨርቅ።

ትርንጎ፦ ከታጠበ በኋላ በቀጥታ ተሰጣ?

ደብሪቱ፦ በቀጥታማ እንዴት ይሆናል። መጀመሪያ መለብለቡን አወጣሁለት።

ትርንጎ፦ እንዴት አድርገሽ አወጣሽለት?

ደብሪቱ፦ በፈላ ውሃ ነዋ! ቀቅዬ፣ በደንብ ጨምቄ... ምን ያስቅሻል? አንቺ! ነጠላሽን ከአፍሽ አውጪ!

ትርንጎ፦ ወይኔ... ወይኔ ሆዴ... ቀቅለሽ ነው የሰጠሻት? «ጥሬውን አድርቃችሁ ስጡኝ» እኮ ነው ያለችው!

ደብሪቱ፦ ሰምቻለሁ ያለችውን። ይሉኝታ መስሎኝ ነዋ! ልጅቷ አፍራ፣ እንዳላስቸግራቸው ብላ «ጥሬውን» ያለች መሰለኝ። እንግዳ እኮ ሁልጊዜ «አትድከሙ፣ ውሃ ይበቃኛል» ይላል፤ ታዲያ ውሃ ብቻ ሰጥተሽ ትሸኛለሽ? ጣቶቿን አይተሻቸዋል? እንደ ሻማ የቀጠኑ ናቸው። እሷን የሚያህል የሰው ልጅ ከተማ ድረስ እየለበለባት ይዛው ትሂድ?

ትርንጎ፦ ጓንት አላት እኮ!

ደብሪቱ፦ እሱን ማን ነገረኝ? እኔ ስታዝንልኝ ነው የታየኝ፣ አዘንኩላት።

ትርንጎ፦ በቃ፣ ነገሩ ይሄ ነው። ህሊና ለኛ ስታስረዳ «እነዚያ ውህዶች ብዙዎቹ በውሃ ይወጣሉ፤ ቅጠሉን ቀቅላችሁ ውሃውን ከደፋችሁት አብረው ይሄዳሉ» ብላ ነበር። ያንቺ ሳማ ጉልበቱ የሄደው በውሃው ነው። ቅጠሉ ምንም አልጎደለውም ነበር፣ አንቺ ነሽ ያራቆትሽው።

ደብሪቱ፦ እንዲህ በይኛ! ስለዚህ የኔ ሳማ ከአንቺ አያንስም?

ትርንጎ፦ አያንስም።

ደብሪቱ፦ ሊበልጥም ይችል ነበር?

ትርንጎ፦ ሊበልጥም ይችል ነበር። ፍግ ጠጥቷል።

ደብሪቱ፦ አሁን ነፍሴ ገባች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሁሉም ሰው ትነግሪልኛለሽ። ለመምሬ መጀመሪያ።

ትርንጎ፦ ለመምሬ መጀመሪያ እነግራለሁ። እንግዲህ ሳማሽም ደኅና ነው፣ ስምሽም ተመለሰ፤ በቅሎዋን ይዘሽ በሰላም ግቢ።

ደብሪቱ፦ ተይ እንጂ! እማዬስ? በሳማ ሸንግለሽ እናቴን ልታስረሺኝ ነው? ሳማችን አንድ ከሆነ እኔ ጋስ ለምን አትበላም? እኔ እንደሁ እንደ ደንቡ ነው የምሠራላት፤ እሷው ራሷ እንዳስተማረችኝ፤ ቀቅዬ፣ የመጀመሪያውን ውሃ ደፍቼ፣ ቅጠሉን ብቻ...

ትርንጎ፦ ቆይ! ውሃውን ደፍተሽ?

ደብሪቱ፦ አዎ፣ ደፍቼ። ምነው?

ትርንጎ፦ ምንም።

ደብሪቱ፦ አንቺ በከንቱ የምትጠይቂ ሴት አይደለሽም። ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ የኅዳሩን ቅጠል ስትቀቅዪ እማዬ ያንቺ ቤት ነበረች አይደል?

ደብሪቱ፦ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ። ምነው?

ትርንጎ፦ ምን አለች?

ደብሪቱ፦ ምንም አላለች። ብቻ ውሃውን ልደፋ ድስቱን ሳነሣ «ትንሽ በረድ ቢል...» ብላ ጀመረችና ተወችው። «ምን አልሽ እማዬ?» ስላት «እንዳትቃጠዪ ብዬ ነው» አለች። በር ላይ ስደፋው ዓይኗን ከውሃው አልነቀለችም። መሬቱ መጥጦ እስኪጨርሰው ድረስ ታይ ነበር። እኔ የማገዶው መብዛት ቆጭቷት ነው ብዬ... ምንድን ነው ትርንጎ? ምን ደብቀሽኛል?

ትርንጎ፦ ላለመናገር ቃል ገብቻለሁ።

ደብሪቱ፦ ለማን?

ትርንጎ፦ ለእሷ።

ደብሪቱ፦ አሁን ጭራሽ! እናቴ ከኔ ተደብቃ ከአንቺ ጋር ምስጢር ጀመረች? በይ ንገሪኝ፤ አለዚያ አሁኑኑ ገብቼ ቀስቅሼ እሷኑ እጠይቃታለሁ።

ትርንጎ፦ ኧረ አትቀስቅሻት! እሺ፣ ቀስ ብለሽ አውሪ። «የሳማ ውሃ ይደፋል» ብላ ያስተማረችሽ መቼ ነው?

ደብሪቱ፦ ልጅ ሳለሁ። በሰባ ሰባቱ፣ በክፉው ቀን። አባባ እህል ፍለጋ ቆላ ወርዶ የቆየ ጊዜ። ቤት ውስጥ ከሳማ በቀር የሚቀመስ አልነበረም።

ትርንጎ፦ እንዴት ነበር የምታደርገው?

ደብሪቱ፦ ትቀቅለዋለች። ቅጠሉን በጭልፋ አውጥታ ለኔ ታቀርባለች። ውሃውን ይዛ ጓሮ ትወጣለች፣ ደፍታ ትመለሳለች። አንድ ቀን ልቅመሰው ብላት «ሆድ ይነፋል፣ የሳማ ውሃ ይደፋል እንጂ አይጠጣም» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልቀመስኩም።

ትርንጎ፦ ቅጠሉን ማን በላው?

ደብሪቱ፦ እኔ ነኛ። ሌላ ማን ነበረ፣ አንቺ አልተወለድሽ።

ትርንጎ፦ እሷስ?

ደብሪቱ፦ እሷማ «ስቀቅል ስቀማምስ ጠግቤያለሁ» ነበር የምትለው።

ትርንጎ፦ ውሃውን ስትደፋው አይተሻል?

ደብሪቱ፦ ጓሮ ነው እኮ የምትወጣው።

ትርንጎ፦ አይተሻል ወይ እታለም?

ደብሪቱ፦ አላየሁም።

ትርንጎ፦ አልደፋችውም።

ደብሪቱ፦ ዝም በይ።

ትርንጎ፦ ቅጠሉ እንዳይጎድልብሽ...

ደብሪቱ፦ ዝም በይ አልኩሽ! ቆይ። ልቀመጥ። በቅሎዋን ያዢልኝ።

ትርንጎ፦ ይዣታለሁ። ተቀመጪ።

ደብሪቱ፦ ማን ነገረሽ?

ትርንጎ፦ የጥምቀት ሰሞን ሳማ ቀቀልኩ። ውሃውን ልደፋ ስል እጄን ያዘችኝ። «የኔን ድርሻ ልትደፊው ነው?» አለች። አባባሏ አስደነገጠኝ። በጣሳ ቀድቼ ጨው ጣል አድርጌ ሰጠኋት፤ ትንፋሽ ሳትወስድ ጠጣችው። «ይሄን የመሰለ ነገር በዓለም ላይ የለም» አለች። ከዚያ በኋላ ነው ያጫወተችኝ። ያን ጊዜ በሕይወት ያቆማት እሱ ውሃ ነው። አፏ ለምዶታል፤ እሱን ካልጠጣች እህል አይወርድላትም።

ደብሪቱ፦ ታዲያ እኔ ጋ ለምን አትጠይቀኝም? ስንት ዓመት ሙሉ ፊቷ ስደፋው!

ትርንጎ፦ እንዴት ብላ ትጠይቅሽ? አይጠጣም ያለችሽ እሷ ናት። ጠጣሁት ካለች ለምን እንደ ጠጣችው ልትነግርሽ ነው። «ለደብሪቱ እንዳትነግሪያት፣ ያን ጊዜ የበላችው ዛሬ ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል» ብላ አስምላኛለች።

ደብሪቱ፦ ወይ እናቴ! ወይ አንጀቴ! እኔ ደግሞ እኮ «አልጠገብኩም» እያልኩ አለቅስባት ነበር። የድስቱን ቂጥ በጣቴ እልስ ነበር።

ትርንጎ፦ ልጅ ነበርሽ።

ደብሪቱ፦ አንቺ ግን... አንቺ ልጅ አይደለሽም። ቆይ እስቲ። ከጥምቀት ጀምሮ ታውቂያለሽ። ስንት ጊዜ ተገናኘን? ስንት ጊዜ «እማዬ ለምን እኔ ጋ አትበላም?» ብዬ አለቀስኩብሽ? መሐላሽ ቢይዝሽ እንኳ «ውሃውን አትድፊው፣ ለእሷ ስጫት» ማለት ያቅትሽ ነበር? ምክንያቱን ሳትነግሪኝ?

ትርንጎ፦ አያቅተኝም ነበር።

ደብሪቱ፦ ታዲያ?

ትርንጎ፦ ካወቅሽ ትወስጂያታለሽ ብዬ ነው።

ደብሪቱ፦ እንዲህ ነሽ?

ትርንጎ፦ አዎ፣ እንዲህ ነኝ። አንቺ ብቻ የምትቀኚ መስሎሽ ነበር? ይቺ ሴትዮ ጨዋታ ስትጀምር አፏን የምትከፍተው በአንቺ ነው። ደብሪቱ ስትራብ፣ ደብሪቱ ስታለቅስ፣ ደብሪቱን አዝዬ ያን ገደል ስወጣ። ሌት ተቀን ደብሪቱ! እኔ የተወለድኩት ጎተራው ከሞላ በኋላ ነው። ስለ እኔ ምን የምታወራው አላት? «ትርንጎ ደልደል ብላ ተወለደች» ትላለች፣ አለቀ። ለእኔ ብላ አንድ ቀን ተርባ አታውቅም።

ደብሪቱ፦ እንዴ! በረሃብ ደግሞ ይቀናል?

ትርንጎ፦ አንቺ በሳማ ቀንተሽ በቅሎ ጭነሽ መጥተሽ የለ?

ደብሪቱ፦ ወይ እኛ! ሁለት እብድ ነው የወለደችው።

ትርንጎ፦ አንደኛዋን በቅጠሉ፣ ሁለተኛዋን በጎተራው አሳድጋ።

ደብሪቱ፦ እስቲ ሙልጭ አድርጌ ልስደብሽ ብዬ ነበር፣ አቃተኝ። በይ ገመዱን ስጪኝ።

ትርንጎ፦ የት ልትሄጂ ነው?

ደብሪቱ፦ ወደ ቤቴ ነዋ። እንዴት ብዬ ዓይኗን አያለሁ? ባየኋት ቁጥር ያ ውሃ ነው የሚታየኝ። ካወቅኩ ደግሞ ታውቅብኛለች፤ ፊቴ ምንም ነገር አይደብቅም። እኔ ጋ ተመልሳ ምን ታደርጋለች? ስንት ዓመት አፏ ላይ የደፋሁባት እኔ። አንቺ ጋ ትሁን። አንቺ ቢያንስ ጠብታ አትደፊባትም።

ትርንጎ፦ እታለም፣ ቆይ። በቅሎዋን አታዙሪያት።

ደብሪቱ፦ ደግሞ ምን ቀረ?

ትርንጎ፦ ጋቢዋን ላልብሳት። ይዘሻት ሂጂ።

ደብሪቱ፦ ምን ሆነሻል? አሁን «እንዳትወስጂብኝ ብዬ» አላልሽም?

ትርንጎ፦ ብያለሁ። ግን ጣሳውን አትጨርሰውም።

ደብሪቱ፦ ታዲያ በዝቶባት ይሆናል። ቀንሰሽ ቅጂላት።

ትርንጎ፦ አልበዛባትም። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ታቆምና «ይሄን ለደብሪቱ አስቀምጪላት፣ ርቧት ትመጣለች» ብላ ትመልስልኛለች።

ደብሪቱ፦ ለኔ? አሁንም?

ትርንጎ፦ ሁልጊዜ። አንድም ቀን ረስታው አታውቅም።

ደብሪቱ፦ እኔ ግን አንቺ ቤት መጥቼ ሰጥተሽኝ አታውቂም። የት ነው የምታስቀምጪው?

ትርንጎ፦ ያ ድንጋዩ ላይ ያየሽው አረንጓዴ የድስት እጣቢ አይደለም እታለም፤ ያንቺ ድርሻ ነው።